እባካችሁ እንጨቱን የጫማ ቀለም አትቀቡት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፣ በብዛት የምሠራው በማሽን ላይ በተወጠረ ቀጭን የመጋዝ ምላጭ እየተፈለፈለ የሚወጣውን ጌጥ ነው፣ የግድግዳ መስቀል በሉት፣ ማሻአላህ የሚል ጽሑፍ፣ የረከቦት ጎን፣ የሰዓት ፍሬም፣ የሙሽሮች ስም፣ እንደዚህ እንደዚህ ያለውን። ባለፈው ስለ ወሎ የእጅ ሥራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፣ የኛን ሙያ ዞር ብሎ የሚያይ ብዙም ስለሌለ እውነቴን ነው ደስ ብሎኛል። ግን "ጥንታዊ ገጽታውን የጠበቀ" ብላችሁ የፎቶ መግለጫ የጻፋችሁበት መስቀል ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። አቦ ያ ጥንታዊ ገጽታ አይደለም፣ የጫማ ቀለም ነው! በብሩሽ ተቀብቶ በጨርቅ የተወለወለ ጥቁር የጫማ ቀለም፣ ፎቶውን ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩት ቀዳዳዎቹ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ የቀረው ይታያችኋል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ጨርቁ ስለደረሰበት ሳስቶ ቡናማ ሆኗል። እድሜ እንጨትን እንደዛ አያጠቁርም፣ እድሜ እጅ የሚበዛበትንም ቦታ ያጠቁራል እንጂ እጅ የማይደርስበትን ጥግ ብቻ መርጦ አይደለም።

የጫማ ቀለም ምን ችግር አለው የሚል አይጠፋም። የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ነው፣ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ፣ እንጨት ላይ ደርቆ አይጠነክርም፣ በቃ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ትንሽ ጊዜ ይታገሳል፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ሲሰቀል ግን ይለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ነጠላ የለበሰች እናት ጠጋ ብላ ስትሳለመው ጥቁሩ ነጠላዋ ላይ ይቀራል። ከዛ ባለቤቱ ተሸክሞት ይመጣና "ቫርኒሽ ምታልኝ" ይለኛል። ቫርኒሽ ደግሞ ሰም ላይ አይዝም፣ ብትመታውም ቆይቶ ይላጣል፣ መጀመሪያ ሰሙ በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ታጥቦ መውጣት አለበት፣ ከዛ ሁሉ ቀዳዳ ውስጥ ሰም ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል፣ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚፈገፈገው፣ ለማጠቢያ የሚጠየቀው ዋጋ አዲስ ከማሠራት ስለማይሻል ብዙው ሰው ትቶት ይሄዳል።

ከሱ የባሰው ከጋራዥ የሚመጣው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ለአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ሲቀቡት የኖሩት ነገር ነው፣ እሱንም ባይቀቡት ይሻል ነበር፣ ግን እሺ አጥር ነው። ቤት ውስጥ ለሚሰቀል፣ ልጅ ለሚነካው፣ ሲኒ ለሚቀመጥበት ረከቦት እሱን መቀባት ግን ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ካንሰር ከሚያመጡት ኬሚካሎች ውስጥ የሚመደቡ አሉበት፣ በዛ ላይ አይደርቅም፣ ሽታውም አይለቅም። ሦስተኛው ደግሞ የምግብ ዘይት የሚቀቡት ናቸው፣ ይሄ እንኳን መርዝ አይደለም፣ ግን ሱቅ የምንገዛው ፓልም ዘይት ዕድሜ ልኩን እንጨት ላይ አይደርቅም፣ ለገዢው ሲያሳዩት ያበራል፣ ከዛ ይኮመጥጣል፣ በላዩ ላይ አቧራ እየጋገረ ይሄዳል።

ለምን እንደዚህ ይደረጋል ካላችሁ ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። ሰው የሚከፍለው ለመቁረጡ ነው፣ ማሽኗ ስትሠራ አይቷታ፣ ምላጯ ወደ ላይ ወደ ታች ስትመላለስ ቆሞ አይቶ "ወይ ጉድ እጅህ ይባረክ" ብሎ ነው ገንዘብ የሚያወጣው። ማቅለሙና ማድረቁ ግን ከመቁረጡ በላይ ቀን ይፈጃል፣ ያንን ማንም አያየውም፣ ማንም አይከፍልበትም። ሰርጉ እሁድ ነው ብሎ ሐሙስ ከሰዓት ይመጣል፣ "ወንድሜ መቁረጡን እቆርጥልሃለሁ ቀለሙ ግን እስከ እሁድ አይደርቅም" ስትለው "አብሽር አንተ ብቻ አብራልኝ" ይልሃል። እምቢ ካልከው ጎረቤትህ ጋ ይሄዳል፣ ጎረቤትህ የጫማ ቀለም ቀብቶ በአንድ ሰዓት ይሰጠዋል። ላሊበላ ላይ የሚሸጡትም ያው ናቸው፣ ነጋዴው መጥቶ "ጥቁር ካልሆነ ፈረንጅ አይወስድም" ይላል፣ ነጭ ጣውላ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እናንተ ደግሞ ጥቁሩን ፎቶ አንስታችሁ ጥንታዊ ስትሉት ነጋዴውን አበረታታችሁት ማለት ነው፣ ቅር አይበላችሁ።

ላሊበላን ካነሳሁ አይቀር፣ የመስቀሉ ዲዛይን እኮ ብዙው ከዛው ነው የሚቀዳው፣ የቤተ ማርያምን መስኮቶች ያየ ሰው አንዱ ከአንዱ እንዴት እንደሚለይ ያውቃል፣ እሱን በአራት ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተለጠፈ ስስ ጣውላ) ላይ ማውጣት ትልቅ ጥበብ ነው፣ ከዛ በኋላ ጥላሸት ውስጥ መንከር ያሳዝናል። ደግሞ ሌላ ጣጣም አለው። በቅርስ አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ስለዚህ ሆን ብሎ አሮጌ እንዲመስል የተደረገ ዕቃ የያዘ ቱሪስት ኤርፖርት ላይ "ይሄ ምንድነው" መባሉ አይቀርም። እኔ ከጀርባው ዓመተ ምህረቱንና ደሴ የሚለውን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፣ ነጋዴዎች ይናደዳሉ፣ ይናደዱ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፣ ምክንያቱም ወጣቶች ማሽኗን እየገዙ ነው፣ መቁረጡን ከስልክ አይተው ይለምዱታል፣ ቀለሙን የሚያሳያቸው ግን የለም።

መጀመሪያ ጸጉሩ። ምላጩ ጥርሱ ወደ ታች ስለሆነ የሚቆርጠው ሲወርድ ነው፣ ስለዚህ እንጨቱ ከስር በኩል ጸጉር የሚመስል ስንጥር ያወጣል፣ በተለይ ኮምፔንሳቶ። ከታች በኩል ጥቂት ጥርሶቹ ወደ ላይ የተገለበጡ ምላጭ አለ፣ እሱ ብዙ ይቀንሰዋል፣ የማይገኝ ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቀጭን አድርጎ ቀዶ፣ አጥፎ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ እያስገቡ መፈግፈግ ነው፣ ለጠባቡ ደግሞ የሴቶች የጥፍር ሞረድ ይሆናል (ባለቤቴ ሞረዷን ስትፈልግ የት እንደምታገኘው ታውቃለች)። ጸጉሩ ሳይነሳ ቀለም ከተቀባ ቀለሙን ጠጥቶ ይቆምና ዙሪያውን ጥቁር መስመር ይሠራል፣ ከሩቅ ሲያዩት ቆሻሻ ነው የሚመስለው። ፊቱን በ180 ከዛ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱት ይበቃል፣ ከዛ በላይ እያለሰለሱ ቢያበሩት እንጨቱ ይዘጋና ቀለም አይገባውም። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ደግሞ ረጋ በሉ፣ የላይኛው ቅጠል ከአንድ ሚሊ የሚያንስ ነው፣ ትንሽ ሲበዛ ከስሩ ያለው ይወጣል፣ እሱን የሚያስተካክል ቀለም የለም።

ከዛ ዋናው ነገር፣ ልጆቹ ሁሉ የሚቸገሩበት፣ ቀለሙ ለምን ዥንጉርጉር ይሆናል የሚለው። ደህና ጣውላ ላይ የእንጨቱ ክር የሚቆረጠው ሁለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ የተፈለፈለ ጌጥ ግን በየቀዳዳው ውስጥ የተቆረጠ ክር አለው፣ የተቆረጠ ክር ደግሞ እንደ ስትሮው ነው ቀለሙን ምጥጥ አድርጎ የሚጠጣው፣ ስለዚህ ፊቱ ቀላ ብሎ ሳለ የቀዳዳው ውስጥ ጥቁር ይሆናል። መድኃኒቱ ጎማላካ ነው፣ በስፒሪት ማለትም በአልኮል የሚሟሟው ሙጫ። በስፒሪት በደንብ የቀጠነ ጎማላካ ቀድሞ በቀጭን ብሩሽ ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ መቀባት፣ ሲደርቅ ቀስ ብሎ በ320 ማለፍ፣ ከዛ ነው ስቴይኑ፣ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ የሚያቀልመው ቀለም። ጎማላካው የእንጨቱን ጥም ይቆርጥለታል፣ ስቴይኑም ተመጣጥኖ ይገባል። ግን በስፒሪት የተበጠበጠ ቀለም ከሆነ የምትቀቡት ጎማላካውን መልሶ ያሟሟዋል፣ እዚህ ላይ በዘይት ወይም በውሃ የሚበጠበጠውን ተጠቀሙ። በውሃ የሚበጠበጠው ጸጉሩን መልሶ ያስነሳል፣ ስለዚህ ከጎማላካው በፊት በእርጥብ ጨርቅ አርሶ፣ አድርቆ፣ የተነሳውን አንዴ ማንሳት ነው። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) ጎኑ ከኮምፔንሳቶ የባሰ ይጠጣል፣ ለሱ ጎማላካው ሁለቴ ቢሄድ ነው የሚሻለው፣ ስትፈገፍጉት ደግሞ ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ማሻአላህና ቢስሚላህ የምትሠሩ ደግሞ ነጥቦቹን አስቡ። የአረብኛ ጽሑፍ ነጥቡ ለብቻው ስለሚቆረጥ በኮላ ነው ከጀርባው ሰሌዳ ጋር የሚያያዘው፣ ኮላ የነካው እንጨት ደግሞ ቀለም አይጠጣም፣ ነጥቡን ለጥፎ ከዛ የቀባ ሰው በየነጥቡ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይወጣበታል። ቀድማችሁ ሁሉንም ለየብቻ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዛ ለጥፉ፣ የሚለጠፍበትን የጀርባውን ፊት ብቻ ሳትቀቡ ተዉት። መስቀልም ድርብ ከሆነ ያው ነው።

አሁን ጥቁር ለሚፈልገው ነጋዴ። ጥቁር ከፈለጋችሁ በእውነት ጥቁር የሚያደርግ ነገር ቤታችሁ አለ፣ አቼቶና የብረት ሱፍ ነው። የብረት ሱፉን (የማይዝገው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይሆንም፣ የሚዝገው ነው የሚፈለገው፣ ካጣችሁ የዛገ ምስማር) አቼቶ ውስጥ ጨምራችሁ ቀናት ትተዉታላችሁ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ከእሳትም አርቁት። ከዛ በጨርቅ ይጠለላል። እንጨቱን መጀመሪያ በጣም በወፈረ ሻይ ትቀቡታላችሁ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ነው እንግዲህ፣ ሲደርቅ የአቼቶውን ውሃ ታልፉበታላችሁ። ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል፣ መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዛ ሰማያዊ ቢጤ፣ ከዛ ጥቁር። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ነው፣ ታኒን ራሱ ያለው እንጨት ከሆነ ያለ ሻይም ይጠቁራል፣ ነጩ ኮምፔንሳቶ ግን ስለሌለው ነው ሻዩ ያስፈለገው። ይሄ ጥቁር ላዩ ላይ የተቀመጠ አይደለም፣ ክሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ነጠላም አይነካ፣ ፀሐይም አያቀልጠው፣ ቫርኒሽም ይዞበት ይቀመጣል። ዋጋው ከጫማ ቀለሙ ይረክሳል እኮ፣ የሚጠይቀው ትንሽ ቀን ብቻ ነው። ጓንት አድርጉ ብቻ፣ ጣት ላይም ጥቁር ያወጣል፣ በቁራጭ ላይ ሳትሞክሩም ዋናውን እንዳትነኩ።

ሁሉም እንጨት ግን ቀለም አይፈልግም፣ ይሄን ነጋዴዎቹ ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። ወይራ ላይ ስቴይን የሚቀባ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አይገባኝም፣ የራሱ ጥቁር መስመር አለው፣ ዘይት ብቻ ስታስነኩት ያ መስመር ብድግ ብሎ ይወጣል። ዋንዛ ራሱ ብርሃን ሲያገኝ እየጠቆረ ይሄዳል፣ መታገስ ብቻ ነው። ጽድ ቀይነቱ ይበቃዋል፣ ሽታውን ደግሞ በወፍራም ቫርኒሽ መድፈን ኃጢአት ነው፣ ዓይኑ (ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ) ላይ ሙጫ ካለው ብቻ በጎማላካ ያዙት። ስቴይን የሚያምርበት ግራቪሊያና ኮምፔንሳቶ ነው። ደግሞ ዋንዛ፣ ጽድና ዝግባ እንደልብ የሚቆረጥ እንጨት አይደለም፣ የአሮጌ ቤት በርና ሳጥን ሲፈርስ የሚወጣውን እየገዛን ነው የምንሠራው፣ እንደዛ ያለ እንጨት አግኝቶ ጥቁር መቀባት ደግሞ ሌላ ግፍ ነው።

ዘይት ካልኩ አይቀር፣ ለተፈለፈለ ሥራ ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻ ቅብ የተልባ ዘይት ነው፣ የኛው ተልባ። ተልባ የሚደርቀው እንደ ውሃ ተኖ አይደለም፣ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ራሱ ይጠጥራል፣ ፓልም ዘይት ይሄን አይችልም፣ ኑግ ይችላል ግን ከተልባ ይዘገያል፣ ሲነኩት ብዙ ጊዜ ይጣበቃል። ቤት የተጨመቀ ከሆነ በጠርሙስ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ዝቃጩ ሲወርድ የላዩን ብቻ ቅዱ። ከቀለም ሱቅ የሚገዛው "የተፈላ" የሚባለው ቶሎ የሚደርቀው ማድረቂያ ኬሚካል ስለተጨመረበት ነው፣ እቤት ድስት ላይ ብታፈሉት እሱን አይሆንም፣ እሳት ነው የምታስነሱት። ያ የሱቁ ደግሞ ምግብ ለሚነካ ዕቃ አይሆንም፣ ለግድግዳ ጌጥ ነው።

አቀባቡ በብሩሽ አይደለም። በብሩሽ ሲቀቡት እያንዳንዱ ቀዳዳ ጥግ ላይ ጠብታ ይቀራል፣ ጠብታው ደርቆ የሚያብረቀርቅ እንባ ይሆናል። ዘይቱን በአኳራጅ እኩል ለእኩል አቅጥናችሁ፣ ከላሜራ በተሠራ ዝርግ ትሪ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ጌጡን እንዳለ ትነክሩታላችሁ። ጠጥቶ ሲበቃው በአንድ ጥግ ይዛችሁ ታነሱታላችሁ፣ በአንድ ጥግ ስላችሁ ልብ አድርጉ፣ በጠፍጣፋው ከተነሳ ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ይቆያል፣ በጥግ ሲሆን ግን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየወረደ በአንድ በኩል ይንጠባጠባል። ኮምፕሬሰር ያለው ቀስ አድርጎ ይንፋበት፣ የሌለው የብስክሌት ፓምፕ ይበቃዋል። ከዛ በጨርቅ ፊቱን ጠርጎ ምስማር በተመታበት ሳንቃ ላይ በጎኑ ማቆም ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ጠርጌዋለሁ ብሎ መሄዱ ነው፣ የተፈለፈለ እንጨት ግን ለብዙ ሰዓት ያለቅሳል፣ ከየቀዳዳው ዘይት እያወጣ ፊቱ ላይ ያፈሳል፣ እየተመላለሱ መጥረግ ያስፈልጋል። በማግስቱ ወይም በሳልስቱ እንደገና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ሁለቱም ፊት እኩል መቀባት አለበት፣ የፊቱን ብቻ ቀብቶ ጀርባውን የተወ ሰው ቀጭኑ ጣውላ ተጠምዝዞ ይቆየዋል፣ በተለይ ደሴ ተሠርቶ ቆላ የሚወርድ ከሆነ። ሰም የምትወዱም አላችሁ፣ ሰም ለሳህንና ለማንኪያ ጥሩ ነው፣ ለተፈለፈለ ግን ጥግ ጥግ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ አትድከሙ።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ በትልቁ አትሙልኝ፤ ተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭር ራሱ ይቀጣጠላል! ቅድም ያልኩት ኦክስጅን መውሰድ ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይጨምራል ይጨምራል እሳት ይሆናል። ከመጋዝ ብናኝ ጋር ከተጣለማ ሱቁን ሁሉ ነው ይዞ የሚሄደው። ጨርቁን ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ያየሁት ወርክሾፕ ሁሉ ይሄን ጨርቅ የሚጥለው መጋዝ ብናኝ ላይ ነው።

ስለ ረከቦት ጥቂት ልጨምርና ላብቃ። ጎማላካ ለረከቦት ጎን ያምራል፣ ለላዩ ግን አይሆንም፣ ጀበና ሲቀመጥበት ሙቀቱ ነጭ ቀለበት ያወጣበታል፣ አረቄ ጠብ ካለበትማ ያሟሟዋል፣ ጎማላካ የሚበጠበጠው በአልኮል አይደል። ለላዩ ሙቀት የሚችል ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ቀጠን አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ምቱ። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጎማላካም ላከርም አትምቱ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ በሚገባበት ቀን ስፒሪቱ ሲተን እንጨቱን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ያርፍና ነጭ ደመና ይሆናል። ከመታችሁትና ነጭ ከሆነ አትደንግጡ፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ስፒሪት በትንሹ የነካ ጨርቅ ቀለል አድርጋችሁ ብታልፉበት ይጠፋል፣ ይሄ ለጎማላካው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ርቀቱ ምንም አይደለም ግን አንዱ ዘይት እዛና እዚህ እኩል አይደርቅም፣ ክረምት ላይ ሥራ ሲቸኩልብኝ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ወስጄ የማደርቅበት ጊዜ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ግማሽ የደረቀ መስቀል ይዞ መሄድ ራሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

በሌዘር የሚያስቆርጡም መጥተዋል፣ በርቱ፣ ጠርዙ ተቃጥሎ ስለሚወጣ ጥላሸቱን ስፒሪት በነካ ጨርቅ ሳትጠርጉ ምንም አትቀቡበት፣ ወደ ፊቱ ይሰራጫል።

ለደንበኛ የምለው አንድ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ መቁረጫው ስንት ነው ማቅለሚያው ስንት ነው ብላችሁ ለየብቻ ጠይቁ፣ እኔ አሁን ደረሰኝ ላይ ለየብቻ ነው የምጽፈው፣ መጀመሪያ ሰው ይከራከር ነበር፣ "ቀለም ብቻ ይሄን ሁሉ?" ይላል፣ ከዛ ምን እንደሚቀባና ስንት ቀን እንደሚቆይ ስነግረው ወይ ይከፍላል ወይ ያለ ቀለም ነጩን ይወስዳል። ነጩን ቢወስድ እመርጣለሁ፣ ነጭ እንጨት መቼም ቢሆን ቀለም መቀባት ይችላል፣ የጫማ ቀለም የጠጣው ነው ተስፋ የሌለው። ለሰርግ ከሆነ ደግሞ ካርዱን ስታሳትሙ አብራችሁ እዘዙን።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ፣ የፎቶውን መግለጫ በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሉት አመሰግናለሁ፣ "በጥቁር የተቀባ አዲስ መስቀል" ብትሉት ይበቃል። ዘጋቢያችሁ ሥራውን ማየት ከፈለገ ይምጣ፣ ቡናው ከነረከቦቱ ይጠብቀዋል፣ ግን ከመስቀል በዓል በኋላ ይሁን፣ ያኔ ነው ተነክሮ የሚደርቀውን የምናወጣው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የእንጨት ሠራተኛ፣ ከደሴ